በዓባይ በረሃ የሚወርደውን ድንጋይ በመሬት ንዝረት መከታተል ይቻላልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከምሥራቅ ጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ስለ ድንጋይ ናዳ ነው። ጥያቄዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ይህን ዕትም ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን የመጡበትን ቦታ ብቻ እናነሣለን።

ከደጀን፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ፦ «ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ እህል አመላልሳለሁ። በክረምት በረሃውን ስወርድ ሌሊት የወደቀ ድንጋይ መንገዱን ይዞት የማገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። መቼና ከየት ቦታ እንደወደቀ የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግበው መሣሪያ የድንጋይ ናዳንም ያውቃል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ አዲስ አበባ ያለው መሣሪያ የእኛን ለምን አይነግረንም?»

እውነት ነው። ድንጋይ ከገደል ተላቆ መሬት ሲመታ አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው ራሱ በመሰባበሩ፣ አፈሩን በመቆፈሩና ሙቀት በመፍጠሩ ነው፤ ጥቂቱ ግን ንዝረት ሆኖ በአለቱ ውስጥ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። ይህ ጥቂት የተባለው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። አንድ ሜትር ኩብ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ 2.8 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከ80 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ጉልበት ከ2 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያሳዩት ከዚህ ውስጥ ወደ ንዝረት የሚለወጠው ከሚሊዮን አንድ እጅ እስከ ከሺህ አንድ እጅ ድረስ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ጉልበት ለመሣሪያው የሚተርፈው ከ2 ጁል እስከ 2,000 ጁል ገደማ ይሆናል። ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚያደርሰው ልዩነት በአብዛኛው የሚወሰነው ድንጋዩ ባረፈበት መሬት ነው፤ ጠንካራ አለት ላይ ሲያርፍ ንዝረቱ ጎልቶ ይሰማል፣ ልል አፈር ወይም የቀድሞ ናዳ ክምር ላይ ሲያርፍ ግን አብዛኛው እዚያው ተውጦ ይቀራል።

ይህን ንዝረት የሚያዳምጠው መሣሪያ ጂኦፎን ይባላል። በትንሽ ሣጥኑ ውስጥ ማግኔትና በሞላ የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ አሉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ማግኔቱ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የተንጠለጠለው ሽቦ ደግሞ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ይህ የእንቅስቃሴ ልዩነት አነስተኛ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ እሱም ተቆጥሮ ይመዘገባል። ሲስሞሜትር የሚባለው የመሬት መንቀጥቀጥ መሣሪያም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ ይበልጥ ስሱ ሆኖ በጣም ዝግ ያለውንም ንዝረት የሚይዝ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ምርምር ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በፉሪ ተራራ ላይ ያለውም ጣቢያ ከዓለም አቀፍ መረብ ጋር የተገናኘ ጥሩ ጣቢያ ነው። ይሁን እንጂ ከፉሪ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድንጋይ ናዳ ንዝረት በአብዛኛው ጎልቶ የሚታየው በሰከንድ ከ5 እስከ 50 ጊዜ በሚርገበገበው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ፈጣኑ ርግብግቢት ከዝግተኛው ይልቅ በመንገድ ላይ ቶሎ ይጠፋል። በከተራ ዕለት ታቦት ሲወርድ ከሩቅ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው የከበሮውን ድምፅ እየሰማ ጸናጽሉን እንደማይሰማው ማለት ነው። በመንገድዎ ላይ የሚያገኙት ድንጋይ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰማ አይደለም፤ ስለዚህ መሣሪያው እዚያው በረሃው ውስጥ መተከል አለበት።

በጣም ትልቅ ናዳ ሲሆን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1996 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በዮሰሚቲ ሸለቆ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ጥቁርና ነጭ ፍንጣቂ ያለበት ጠንካራ አለት ከገደል አፋፍ ወርዶ ከ500 ሜትር በላይ ከተወረወረ በኋላ ከሥር ሲያርፍ፣ ንዝረቱን እስከ 200 ኪሎ ሜትር ርቀት የነበሩ ጣቢያዎች መዝግበውታል። እንዲህ ያለው በየክረምቱ የሚያጋጥም አይደለም። አሽከርካሪን የሚገድለው ድንጋይ ግን ያን ያህል መሆን አያስፈልገውም፤ የእኛም ትኩረት መሆን ያለበት በትንንሾቹ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ከደብረ ማርቆስ፣ የፊዚክስ መምህር፦ «ለተማሪዎቼ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻ የሚታወቀው ፈጣኑና ዘገምተኛው ሞገድ በሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት ነው ብዬ አስተምራለሁ። ድንጋይ የወደቀበትም ቦታ የሚታወቀው በዚሁ ዘዴ ነውን?»

ዘዴው ለመሬት መንቀጥቀጥ ትክክል ነው፤ ለድንጋይ ናዳ ግን በአብዛኛው አያገለግልም። ምንጩ ለመሣሪያው ቅርብ ስለሆነ ሁለቱ ሞገዶች ተለያይተው ለመታየት የሚበቃ ጊዜ አያገኙም። ከዚህም በላይ ናዳ በአንድ ቅጽበት ተጀምሮ የሚያልቅ ድርጊት አይደለም፤ ድንጋዩ ይወድቃል፣ ይነጥራል፣ ይሰነጠቃል፣ ስባሪው ይንከባለላል፣ እያንዳንዱም ምት በፊተኛው ላይ ይደረባል። ስለዚህ መዝገቡ ሲታይ ጅማሬው ደብዛዛ፣ መካከሉ ወፍራም፣ መጨረሻው ደግሞ ቀስ እያለ የሚሳሳ ነው፤ «ፈጣኑ ሞገድ እዚህ ላይ ደረሰ» ብሎ ጣት የሚያስቀምጡበት ቦታ አይገኝም።

ስለዚህ የሚነጻጸረው አንዱ መሣሪያ ከሌላው ጋር ነው። በ800 ሜትር ርቀት ሁለት ጂኦፎኖች ተተከሉ እንበል፤ ሞገዱም በዚያ መሬት በሰከንድ 1,000 ሜትር ይጓዛል። ሁለተኛው ከፊተኛው በ0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ከሰማ፣ ድንጋዩ የወደቀው ከሁለተኛው ይልቅ ለፊተኛው በ300 ሜትር በሚቀርብ ቦታ ላይ ነው። ይህን ሁኔታ የሚያሟሉ ነጥቦች ብዙ ሲሆኑ፣ ሁሉም ተማሪዎችዎ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በሚያውቁት፣ ሃይፐርቦላ በሚባለው ጠማማ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ሦስተኛ መሣሪያ ሲጨመር ሌላ ሃይፐርቦላ ይገኛል፣ የሁለቱም መገናኛ ቦታውን ያመለክታል። አራተኛውና አምስተኛው የሚያስፈልጉት የፊተኞቹን ስሕተት ለማረምና ሁለት መገናኛዎች ሲኖሩ ትክክለኛውን ለመለየት ነው። ጅማሬው ደብዛዛ መሆኑን ስላየን የሚለካው የመጀመሪያው ምት ብቻ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ የአንዱን መሣሪያ መዝገብ በሌላው ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተተ ሁለቱ በደንብ የሚገጥሙበትን የጊዜ ልዩነት ይፈልጋል፤ ከዚያም የገደሉን ካርታ በትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ከእነዚህ ልዩነቶች ጋር የሚስማማው ካሬ የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ይፈትሻል።

ትልቁ ችግር ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። ከላይ 1,000 ሜትር ያልነው ለምሳሌ ያህል ሲሆን፣ የዓባይ ሸለቆ ግን አንድ ወጥ አለት አይደለም። ከአፋፉ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ባዛልት አለ፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶና የጭቃ ድንጋይ የተነባበሩበት ልል ክፍል፣ ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ባልተሰነጠቀ ባዛልት ውስጥ ፈጣኑ ሞገድ በሰከንድ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ በልል አፈርና በናዳ ክምር ውስጥ ግን ወደ ጥቂት መቶ ሜትር ይወርዳል። ንዝረቱም አየሩን ተሻግሮ ስለማይሄድ የገደሉን ቅርጽ ተከትሎ ይዞራል፤ በጎሐ ጽዮን በኩል የተተከለ መሣሪያ በደጀን በኩል የወደቀውን የሚሰማው ሞገዱ በወንዙ ሥር ዞሮ ሲደርስ ነው። ለዚህ መፍትሔው ፍጥነቱን በግምት መያዝ ትቶ እዚያው መለካት ነው፤ ሥፍራው በሚታወቅ ቦታ መሬቱን በከባድ መዶሻ መትቶ በየመሣሪያው የደረሰበትን ጊዜ መመዝገብ ይበቃል። የመሣሪያዎቹም ሰዓት በጂፒኤስ መስተካከል አለበት፤ ከላይ ባለው ምሳሌ የ0.05 ሰከንድ የሰዓት ልዩነት ብቻ በርቀቱ ልዩነት ላይ 50 ሜትር ስሕተት ያመጣል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። በስዊዘርላንድ የላውተርብሩነን ሸለቆ ተመራማሪዎች በስድስት ሲስሞሜትሮች ገደሉን አዳመጡ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሌዘር የገደሉን ፊት በየጊዜው እየቃኙ የት ላይ ድንጋይ እንደጎደለ መዘገቡ። ከአንድ አሥረኛ ሜትር ኩብ ያነሰ ድንጋይ እንኳ የሚገኝባቸውን አሥር ናዳዎች በንዝረት ያገኙ ሲሆን፣ በንዝረት የተገመተው ቦታ በሌዘር ከታየው የራቀው በአማካይ 81 ሜትር ነበር። ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው የዓባይ ሸለቆ ውስጥ 80 ሜትር ማለት የትኛው የመንገድ ጥምዝ እንደሆነ ማወቅ ማለት ነው።

ለክፍል የሚሆን አንድ ተጨማሪ ነገር እነሆ። ድንጋዩ ሲላቀቅ ገደሉ ራሱ ከሸክም ተገላግሎ በትንሹ ይነዝራል፣ ድንጋዩ በአየር ላይ ሳለ ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ ትልቁ ምት ይመጣል። መሣሪያው የመላቀቁን ንዝረት ከያዘና ድንጋዩ ገደሉን ሳይነካ በነጻ ከወደቀ የዝምታው ርዝመት ከፍታውን ይነግረናል። ዝምታው 4 ሰከንድ ከቆየ ተማሪዎችዎ በሚያውቁት የነጻ ውድቀት ሕግ ከፍታው 78 ሜትር ገደማ ነው። በዮሰሚቲው አደጋም አለቱ የወረደው በሁለት ትላልቅ ክፍሎች እንደነበረና በምቶቻቸው መካከል 14 ሰከንድ ያህል እንዳለፈ የታወቀው ከንዝረቱ መዝገብ ነው።

ከየትኖራ፣ አንድ አንባቢ፦ «መንገዱ ላይ ሌት ተቀን ከባድ መኪና ይጎርፋል፤ ነጎድጓድ አለ፣ ዓባይ ራሱ በክረምት ያገሣል፣ ዝንጀሮም ድንጋይ ያንከባልላል። መሣሪያው ይህን ሁሉ እንዴት ይለየዋል?»

አንዱ ምት ከሌላው የሚለየው በባሕርዩ ነው። የመኪና ንዝረት ቀስ ብሎ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መሣሪያዎቹንም አንዱን ከሌላው በኋላ በመንገዱ ቅደም ተከተል ያልፋቸዋል። የእንስሳ ኮቴ የሚሰማው ለአንዱ ጂኦፎን ብቻ ነው። ነጎድጓድ የሚደርሰው በአየር፣ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ፍጥነት ያጋልጠዋል። ከሩቅ የመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ በሁሉም ላይ በአንድነት ይታያል፤ በፉሪና በሌሎችም ጣቢያዎች ላይ ይገኛል። የድንጋይ ማውጫ ድማሚት በአንጻሩ ጅማሬው ስለታምና አጭር ሲሆን፣ የሚፈነዳበትም ሰዓት ቀን ቀን ነው። ዝንጀሮ ያንከባለለው ድንጋይ መንገድ ላይ ከደረሰ ለእኛ ያው ናዳ ነው።

ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ የአሁኗን አንድ ሰከንድ የንዝረት አማካይ ካለፈው ግማሽ ደቂቃ አማካይ ጋር ያነጻጽርና ብዙ እጥፍ ሆኖ ሲያገኘው ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ነው ከላይ ያልናቸው ልዩነቶች የሚመረመሩት። እርስዎ ያነሡት የወንዙ ጉዳይ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ዓባይ በክረምት ሲሞላ የሚያሰማው የማያቋርጥ ንዝረት የራሱን ክልል ይይዛል፣ መሣሪያው ላይ የሚወርደውም የዝናብ ጠብታ ያንኑ ያደርጋል። ናዳ የሚበዛው ደግሞ በዚያው ወቅት ስለሆነ፣ መሣሪያው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ ጆሮው ይከብዳል። ጂኦፎኑን ግማሽ ሜትር ያህል መቅበር፣ ከወንዙም ከፍ አድርጎ መትከል ይረዳል፤ ፈጽሞ ግን አያስወግደውም።

ከሸበል በረንታ፣ የልጆች እናት፦ «ቤታችን ከገደሉ ሥር ነው። ስለወደቀው መስማት ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ከመውደቁ በፊት ይነግረኛል ወይ?»

እህታችን፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ይህ በጣም የከበደን ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ሳናለሳልስ እንሰጥዎታለን። ድንጋዩ ከተላቀቀ በኋላ ለማስጠንቀቂያ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ድንጋይ መሬት የሚደርሰው በ4.5 ሰከንድ ነው፤ የተኛ ልጅ አንሥቶ ለመውጣት አይበቃም። ብቸኛ ነጠላ ድንጋይም በአብዛኛው ቀድሞ የሚታወቅ ምልክት አይሰጥም።

ትልልቅ የገደል ክፍሎች ሲለቁ ግን አንዳንድ ጊዜ አስቀድመው ይናገራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ስንጥቅ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ትንንሽ የመሰንጠቅ ንዝረቶች ይበዛሉ። በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ ሜኒል ቫል በተባለው የባሕር ዳርቻ የኖራ ገደል ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ገደሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ከመናዱ በፊት በነበሩት ሁለት ሰዓታት ውስጥ እነዚህ ንዝረቶች እየፈጠኑ መሄዳቸውን መዝግበዋል። በስዊዘርላንድ ራንዳ በተባለ መንደር አጠገብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ከባድ ናዳ ወረደ፤ ግንቦት 9 ቀን ሁለተኛው ተከተለ፤ የሁለቱ ድምር 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ከመጀመሪያው በኋላ የተተከሉት መሣሪያዎች ከሁለተኛው በፊት ንዝረቱ መጨመሩን አሳይተዋል። ይህ የሆነው ግን ሰዎች ያን ገደል አስቀድመው ስለጠረጠሩትና መሣሪያውን ስንጥቁ አጠገብ ስላኖሩት ነው።

ከራንዳ የምንወስደው ነገር ለእርስዎ ቤት ይበልጥ ይጠቅማል፦ አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ያልጨረሰው ሸክም ሊኖረው ይችላል። በአገራችን በጎፋ ዞን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ከዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችን ሲያልፉ፣ ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ተጎጂዎች ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ዓይነቱ ከድንጋይ ናዳ ቢለይም አደጋው የመጣበት መንገድ አንድ ነው። ስለዚህ ከገደሉ ድንጋይ ከወረደ፣ በተለይም ዝናቡ ካላባራ፣ ልጆችዎን ይዘው በዚያው ቀን ከገደሉ ራቅ ወዳለ ዘመድ ቤት ይሂዱ፤ ለመረዳዳት የሚመጣውም ሰው አንድ ሰው አፋፉን እንዲጠብቅ ሳያቆም ከሥር አይሰብሰብ። በአፋፉ ላይ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ፣ ውኃ ያልነበረበት ቦታ ላይ ምንጭ ከፈለቀ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ካዘመመ ለቀበሌዎ ያመልክቱ፤ መሣሪያ የሚተከለውም እንዲህ ያለ ምልክት በታየበት ቦታ ነው። ስንጥቁ በየወሩ በገመድ ቢለካና ቢጻፍ፣ ለምርመራ ለሚመጣው ባለሙያ የመጀመሪያው መረጃ ያ ይሆንለታል።

ከደጀን፣ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ፦ «መሣሪያዎቹ ቢመጡ የት ይተከሉ? ለእኛስ ሥራ ምን ይጨምሩልናል?»

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሸፈን ማለት ገንዘብ ማባከን ይመስለናል። በየክረምቱ ድንጋይ የምታነሡበትን፣ እናንተ ከማንም በላይ የምታውቁትን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር መርጦ ስድስት ያህል ጂኦፎን በጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት፣ አንዳንዶቹን ከመንገዱ በላይ፣ አንዳንዶቹን በታች፣ በአለት ላይ ቀብሮ መጀመር ይሻላል። በሰከንድ 200 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ ከእነርሱም ጋር የዝናብ መለኪያ ያስፈልጋል። የዝናብ መለኪያውን እንደ ተጨማሪ ዕቃ አትዩት፤ ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዘነበ በኋላ በስንተኛው ሰዓት ናዳ እንደሚበዛ የምናውቀው ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነው። ያኔ ምሽት ላይ መንገዱን ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ወይም ከንጋቱ በፊት ጠራጊ መኪና መላክ በመረጃ የሚወሰን ይሆናል። መሣሪያው ሌሊት በ8 ሰዓት ምት ከሰማና ቦታውን ካመለከተ፣ የመጀመሪያው አሽከርካሪ ከመድረሱ በፊት እናንተ ልትደርሱ ትችላላችሁ፤ ለአሽከርካሪው ጠያቂያችንም የሚጠቅመው ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ሰርቬይ ከጃፓኑ ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር በዚሁ መንገድ ላይ ቀስ እያለ የሚንሸራተተውን መሬት አጥንቷል፤ በቅጽበት የሚወርደው ድንጋይ ግን የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል። መዝገቡንም ያለ መሣሪያ ዛሬ መጀመር ይቻላል። ድንጋይ ባነሣችሁ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን፣ የመንገዱን ኪሎ ሜትር፣ የድንጋዩን ርዝመትና ወርድ፣ ሌሊቱን ዘንቦ እንደሆነም ጻፉ። መጨረሻ መንገዱ ነጻ ሆኖ የታየበትንም ሰዓት ጨምሩ፤ ድንጋዩ የወደቀው በዚያና ባገኛችሁት ሰዓት መካከል መሆኑ ስለሚታወቅ፣ መሣሪያው ሲመጣ ከብዙ ምቶች መካከል ትክክለኛውን ለመምረጥ ያገለግላል። አዲስ የተሰበረውንም ፊት ቀለም መዝግቡ፤ ጥቁር ከሆነ ከአፋፉ ባዛልት፣ ነጣ ያለ ቢጫ ወይም ግራጫ ከሆነ በአብዛኛው ከኖራው ድንጋይ፣ ነጭና በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ደግሞ ከጀሶው ንብር የመጣ ነው።